ስለ ታዛቢ እንጀራ

ዘብ የሚቆም ሰው የሚጠብቀውና የሚከላከለው ተለይተው ከታወቁለት ሥራው ቀላል ነው። እህል ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን የሚያስጮኸው ልጅ በሐሳብ አይጨነቅም፤ እህሉ ያባቱ ነው፤ የሚያባርረው ወፉን ነው፤ ማታ የሚበላውም እንጀራ ከዚያው ከጠበቀው እህል የተጋገረ ነው። ነገር ግን ነገሩ ተገልብጦ፥ ወፉን ከሰው እጅ ጠብቅ ተብሎ የቆመ ሰው ደመወዙን የሚቀበለው ከዚያው ከሚታዘበው ሰው እጅ ቢሆን ልቡ ወዴት ያደላል? ታማኝነቱስ ለማን ይቈጠርለታል? ይህ ጥያቄ ለክርክር ያህል የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም። በአሜሪካ፥ ይልቁንም በካሊፎርኒያ፥ ብዙ ወጣቶች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የሚሄዱበት የዕለት ሥራ ነው።

ይህ ሥራ በአገሩ ቋንቋ ባዮሎጂካል ሞኒተር ይባላል፤ በአማርኛ የፍጥረት ታዛቢ ቢባል ይስማማዋል። መንገድ ሲጠረግ፥ ቤት ሲሠራ፥ የውሃ ቧንቧ ሲቀበር፥ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሲተከል፥ በዚያ ስፍራ የሚኖሩ አራዊትና አዕዋፍ በከንቱ እንዳይጠፉ በሥራው ቦታ ቆሞ የሚያይ ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዲቆም ምክንያት የሆኑት በየዘመኑ የወጡ ሕጎች ናቸው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1918 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከአገር ወደ አገር የሚፈልሱትን ወፎች ከነጎጆአቸውና ከነእንቁላላቸው በጥበቃ ሥር አደረገ። የካሊፎርኒያም ሕግ የማናቸውንም ወፍ ጎጆና እንቁላል ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማጥፋትን ከለከለ። በ1970 ዓ.ም. ያው ግዛት ታላላቅ ሥራዎች ከመፈቀዳቸው አስቀድሞ በፍጥረት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እንዲመረመር ደነገገ። በ1973 ዓ.ም. ዘራቸው ሊጠፋ የተቃረበ ፍጥረታት የሚጠበቁበት የመላው አገር ሕግ ወጣ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ካሊፎርኒያ ጉዳቱን ለመቀነስ የተገባው ቃል በእርግጥ መፈጸሙ የሚታይበት የክትትል ሥርዓት እንዲኖር አዘዘች። በኦሪት ዘዳግም ስለ ወፍ ጎጆ የተደነገገውን ለሚያስታውስ አንባቢ የዚህ ሕግ መንፈስ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

ሕግ ግን በወረቀት ላይ እያለ ዕውር ነው፤ ዓይን ያስፈልገዋል። ይህም ዓይን የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከመንግሥት ግምጃ ቤት አይደለም። ሥራውን የሚያሠራው ኩባንያ አንድ አማካሪ ድርጅት ይቀጥራል፤ አማካሪው ድርጅት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን ወጣት ይቀጥራል። ወጣቱ ደመወዙ በሰዓት የሚታሰብ ነው፤ ሥራ ሲኖር ይጠራል፥ ሥራ ሲያልቅ ቤቱ ይቀመጣል። ወደ ላቀው ማዕርግ ለመውጣት ደግሞ በሜዳ ያሳለፋቸው ቀናት ተቈጥረው በባለሥልጣኖች ፊት መቅረብ ስላለባቸው፥ አንድ ቀን ሥራ ማጣት ለእርሱ የአንድ ቀን ደመወዝ ማጣት ብቻ አይደለም። ስለዚህ መጠራትን ይወድዳል፤ ላለመጠራትም ይሰጋል። ሳይጠራ የቀረ ሰው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አይነገረውምና፥ ስጋቱ ልክና ወሰን የለውም።

ዋለበት ሥራው ሲታይ ግን ከሩቅ ለሚያየው ሥራ ፈት ይመስላል። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፥ የብረት ሠራተኞች የሚደፉትን ቆብ ደፍቶ፥ የሩቅ ማያ መነጽር በአንገቱ አንጠልጥሎ፥ መዝገብ በእጁ ይዞ ይቆማል። ማለዳ ሌሎቹ ሥራ ሳይጀምሩ፥ ትናንት የተቈፈረውን ቦይ ከዳር እስከ ዳር እየተመለከተ በሌሊት የወደቀ እንስሳ መኖሩን ይመረምራል። በየቦታው የተከመረውን ቧንቧ አጎንብሶ ከአፉ ያያል፤ አንዳንድ እንስሳ ጨለማውን ዋሻ መስሎት ይገባበታልና። ማታ ቦዩ እንዲከደን፥ የማይከደን እንደ ሆነም የገባው እንስሳ የሚወጣበት የአፈር ዳገት እንዲበጅለት ያሳስባል። ብዙ ጊዜ ከየካቲት እስከ ነሐሴ በሚቈጠረው የወፎች መክተቻ ወራት ጎጆ ቢገኝ፥ ሠራተኛ የማያልፍበት ክልል በምልክት ይከለላል። ክልሉም እንደ ወፉ ዓይነትና እንደ ፈቃዱ ቃል ይለያያል፤ ለትንንሾቹ 300 ጫማ፥ ለአዳኞቹ 500 ጫማ ማድረግ የተለመደ ነው።

በሞሃቬ በረሃ የሚኖረው ኤሊ የዚህን ሥራ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ያስረዳል። ይህ ኤሊ በ1972 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ምልክት ሆኖ የተመረጠ፥ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ዘሩ ለአደጋ መጋለጡ በአገሩ መንግሥት የታወቀ ነው። ሃምሳና ከዚያም በላይ ዓመት ይኖራል፤ ነገር ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሳይቆይ መውለድ አይጀምርም፤ ስለዚህ አንድ ጐልማሳ ኤሊ ከሞተ ቶሎ የሚተካው የለም። ዘመኑን አብዛኛውን በጉድጓዱ ውስጥ ያሳልፋል። ዝናብ በዘነበ ጊዜ የጠጣውን ውሃ በፊኛው አጠራቅሞ በድርቅ ወራት ይኖርበታል። ሰው ድንገት ቢያነሣው ግን ደንግጦ ያን ውሃ ይለቀዋል፤ ውሃውን የለቀቀም በጥማት ሊሞት ይችላል። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ርኅራኄ ብቻውን ይገድላል። ለማንሣት ፈቃድ የተሰጠው ዐዋቂ እስኪመጣ ድረስ፥ ጀማሪው ታዛቢ ቆሞ ከማየትና ከመጥራት በቀር እጁን መዘርጋት አይገባውም። ኤሊው ከፀሐይ ሸሽቶ በቆመ መኪና ጥላ ሥር ስለሚተኛ፥ ነጂው መኪናውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ጎንበስ ብሎ ከጎማው ሥር እንዲያይ ይነገረዋል። ሠራተኛው የጣለው ትራፊ ምግብ ቁራ ይጠራል፤ ቁራውም ገና ልብሱ ያልጠነከረውን የኤሊ ግልገል ይበላል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት የወደቀ ቁራሽ ዳቦም ከታዛቢው ጕዳይ ውጭ አይደለም።

ይህ ሁሉ ድካም ሠምሮ ሲፈጸም የሚታይ ፍሬ የለውም። ግንበኛ ግንቡን፥ ጠራቢ መንገዱን ያሳያል፤ ታዛቢው የሚያሳየው ያልሞተ እንስሳና ያልፈረሰ ጎጆ ነው። ያልሆነ ነገር ደግሞ ምስክር የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል ያለው የአበው ቃል ጥበብ ቢሆንም፥ በቅጠል ያጠፋውን ሰው የሚያመሰግነው ጥቂት ነው፤ እሳቱ አልታየምና። ደመወዙ ከሚታዘበው ወገን የሚመጣ፥ ድካሙ የማይታይ፥ ማዕርጉ ከሁሉ ያነሰ ሰው እንግዲህ በፈተና ሰዓት ምን ሊያደርግ ይገባዋል?

ፈተናው እንዲህ ይሆናል እንበል። ቀኑ ዐርብ ነው፤ ሰዓቱም ወደ ማምሻው ደርሷል። የኮንክሪት መኪኖች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ኮንክሪትም እንደሚታወቀው ብዙ ከቆየ ይደርቃል። ክሬኑ ከብዙ ሳምንት በፊት የተከመረውን የብረት ክምር ሊያነሣ ሰንሰለቱን አውርዷል። በዚህ ጊዜ ወጣቱ ታዛቢ አንዲት ትንሽ ወፍ በአፏ ምግብ ይዛ በክምሩ መካከል ስትገባ፥ ጥቂትም ቆይታ ባዶ አፏን ስትወጣ አየ። ያያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ማንም አላየም። ፎርማኑ በጠዋቱ ብርድ ቡና የሰጠው፥ በቀትር የመኪናውን ጥላ ያካፈለው ደግ ሰው ነው። በፈቃዱ ወረቀት ላይ ታዛቢው ሥራ ማስቆም እንደሚችል ተጽፏል፤ ነገር ግን የተጻፈው ሥልጣንና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ እኩል አይከብዱም። ልቡም ሦስት ነገር ይነግረዋል፤ ነገሩ ትንሽ ነው ይለዋል፤ የበላህበትን ወጪት አትስበር ይለዋል፤ ደግሞስ እርግጠኛ አይደለህም ይለዋል።

መጀመሪያ፥ ነገሩ ትንሽ ነው ስለሚለው። ትንሹ ነገር ታላቁን ሥራ ሊያቆም ይገባልን የሚለው ክርክር በዚያ አገር በአደባባይ ተከራክረውበታል። በቴነሲ ግዛት በሊትል ቴነሲ ወንዝ ላይ ቴሊኮ የተባለ ግድብ በ1967 ዓ.ም. መሠራት ተጀመረ። በ1973 ዓ.ም. በዚያው ወንዝ ስኔይል ዳርተር የሚባል፥ ርዝመቱ ሦስት ኢንች ያህል የሆነ ዓሣ ተገኘ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1978 ዓ.ም. ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበትና ሊፈጸም የተቃረበው ግድብ፥ ሕጉ እንዳለ ሆኖ ሊዘጋ አይችልም ብሎ በስድስት ድምፅ በሦስት ላይ ፈረደ። በሚከተለው ዓመት የአገሩ ምክር ቤት ግድቡን ከሕጉ ነጻ የሚያደርግ ድንጋጌ አወጣ፤ በኅዳር 1979 ዓ.ም. ግድቡ ተዘጋ። ዓሣው ግን ወደ ሌሎች ወንዞች ተወስዶና በሌላም ስፍራ ተገኝቶ ስለ ተረፈ፥ በ2022 ዓ.ም. አደጋ ካለባቸው ፍጥረታት መዝገብ ወጣ።

በዚህ ታሪክ ፍርድ ቤቱ ልክ ነበር ወይስ ምክር ቤቱ የሚለውን ሰው ሁሉ እንደ አሳቡ ይፈርዳል። ለታዛቢው የሚጠቅመው ትምህርት ሌላ ነው። ትንሹን ከታላቁ ጋር መዝነው የወሰኑት ዳኞችና የምክር ቤት ሰዎች በግልጥ፥ በስማቸው፥ በሕዝብ ፊት ወሰኑ፤ የፈረዱትም ፍርድ ሊነቀፍ የሚችለው ስለ ታወቀ ነው። በክምሩ ፊት ዝም ያለው ወጣት ግን ያንኑ ፍርድ በስውር ብቻውን ይፈርዳል። ጎጆው ትንሽ ነው፥ ኮንክሪቱ ይበልጣል ብሎ የሚወስን እርሱ አልነበረም፤ ሚዛኑ ለሌላ የተሰጠ ነው። ከርሱ የሚፈለገው ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ ያየውን ይናገራል እንጂ የነገሩን ክብደት እየለካ የሚነገረውንና የማይነገረውን አይመርጥም። ዝምታው ትሕትና ቢመስልም፥ በእውነቱ ያልተሾመበትን የዳኝነት ወንበር መቀመጥ ነው። ከተናገረ በኋላ ዐዋቂዎች መጥተው ክልሉን ሊያጠብቡ፥ ሥራውን በሌላ ወገን ሊያስቀጥሉ፥ ወይም አያሠጋም ሊሉ ይችላሉ፤ ይህ የእነርሱ ፋንታ ነው። ሳይናገር ከቀረ ግን የሚመዝኑት ነገር በፊታቸው አይኖርም።

ሁለተኛ፥ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ስለ መባል። ይህ ምሳሌ እውነት ነው፤ ውለታ ቢስነትም ነውር ነው። ነገር ግን ወጪቱ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ኩባንያው ለወጣቱ የሚከፍለው ስለ ጉልበቱ አይደለም፤ ድንጋይ አይሸከምም። ስለ ወዳጅነቱም አይደለም፤ ወዳጅ በሰዓት አይከራይም። የሚከፈለው ስለ ዓይኑና ስለ ቃሉ ነው። ሚዛን የገዛ ነጋዴ ስለ ገዛው ሚዛኑ ያዳላልኝ ቢል፥ የገዛው ሚዛን መሆኑ ይቀራል፤ እንዲሁም ለከፋዩ የሚያዳላ ታዛቢ ታዛቢ መሆኑ ይቀርና ደመወዙ ያለ ሥራ የተወሰደ ገንዘብ ይሆናል። ስለዚህ ወጪቱን የሚሰብረው የተናገረው ሳይሆን ዝም ያለው ነው። ኩባንያውም ቢሆን ሕግ መጣሱ በኋላ ቢገለጥ የሚጠየቀው እርሱ ነውና፥ በጊዜ የነገረው ሰው ጠላቱ አይደለም።

የፎርማኑ ደግነት ግን በዚህ አይፋቅም፤ ቡናው ቡና ነው፥ ጥላውም ጥላ ነው። ሰው ለተደረገለት ደግነት ብድራት ሊመልስ ይገባዋል፤ የሚመልሰው ግን ከገዛ ራሱ ገንዘብ ነው። በማግሥቱ ቡናውን እርሱ ይግዛ፤ ሲናገረውም በሰው ፊት ሳያዋርደው፥ ቀረብ ብሎ በአክብሮት ይንገረው። የወፏን ልጆች ሰጥቶ ውለታ መክፈል ግን በሰው ገንዘብ ቸር መባል ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ እርግጠኛ አይደለህም የሚለው። በማታ ታዛቢው በመዝገቡ ላይ የዕለቱን ነገር ይጽፋል። በዚህ መዝገብ ላይ ሁለት ቃሎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ «የለም» የሚል ነው፥ ሁለተኛው «አላየሁም» የሚል ነው። ለሚቸኩል አንባቢ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን የዚህ ሥራ ክብር ሁሉ ነው። «የለም» የሚል ሰው ስለ ዓለም ይመሰክራል፤ «አላየሁም» የሚል ስለ ራሱ ዓይን ይመሰክራል። ሦስተኛም አለ፤ እርሱም እንዳያይ ፊቱን ያዞረ ሰው «አላየሁም» ብሎ ሲጽፍ ነው። ይህ ቃሉ እውነት፥ ልቡ ግን ሐሰት ነው፤ ማንም ዳኛ ሊይዘው የማይችል ሐሰት ስለ ሆነ ከተራው ሐሰት ይብሳል። ወጣቱ ጎጆ መኖሩን በእርግጥ ባያውቅ፥ አለማወቁን ተናግሮ ጥቂት ደቂቃ ይቆይልኝ ማለት ይችላል። ወፏ ጫጩት ካላት ደግማ መመለሷ አይቀርም። የጥርጣሬ መድኃኒት ማየት ነው፤ የሚያሳፍረው አለማወቅ አይደለም፥ ለማወቅ አለመፈለግ ነው እንጂ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በሌላ ስፍራ እውነት ይሆናል፤ ለታዛቢ ግን የሚነቅዘው ዝምታው ነው።

በሌላው ወገን ያለውን ጥፋት መርሳት ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። ትናንት ማንም የማያውቀው ወጣት ዛሬ እጁን ሲያነሣ ታላቁ መኪና እንደሚቆም ባየ ጊዜ፥ ያ ሥልጣን እንደ ጠጅ ራሱን ሊያዞረው ይችላል። ያለ ምክንያት የሚያስቆም፥ ጥላ ባየ ቍጥር የሚጮህ፥ ሠራተኞቹን እንደ ወንበዴ የሚያይ ታዛቢም ሐሰተኛ ምስክር ነው። የሚሠሩት ሰዎች ጠላቶች አይደሉም፤ የሚሠሩትም ቤት ሰው ይኖርበታል፥ መንገዱም ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት ይወስዳል። አንዳንድ ጊዜም የሚጋጩት ክፉና ደግ ሳይሆኑ ሁለት ደጎች ናቸው። በዚያው በሞሃቬ በረሃ በኢቫንፓ ሸለቆ የፀሐይን ሙቀት በብዙ መስተዋት ሰብስቦ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያወጣ ታላቅ ተቋም በ2010 ዓ.ም. መሠራት ተጀመረ። ዓላማው ጢስ የሌለው ኃይል ማግኘት ነበር። ነገር ግን በስፍራው ከተገመተው በላይ ኤሊዎች ስለ ተገኙ፥ የአገሩ የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በከፊሉ ስፍራ ሥራው እንዲቆም አዘዘ። ነገሩ እንደ ገና ተመርምሮ በሰኔ ወር ሥራው ቀጠለ፤ በ2014 ዓ.ም. ተቋሙ በይፋ ተከፈተ። ማቆም ማፍረስ እንዳልሆነ፥ ቈጠራም በትክክል ካልተነገረ ሁለቱን ደጎች ማስታረቅ እንደማይቻል ከዚህ ይታያል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ሸክሙን በሙሉ በወጣቱ ጫንቃ ላይ መጣል ጭካኔ ይሆናል። እውነት የሚናገር ሰው ጀግና መሆን ያለበት ሥርዓቱ ስለ ጐደለ ነው። የታዛቢው ደመወዝ ከኩባንያው ኪስ ቢወጣም መራጩና አሰናባቹ ሌላ ቢሆን፥ ሳይጠራ የቀረ ሁሉ ምክንያቱ ተጽፎ ቢሰጠው፥ ሥራ ያስቆመበት ቀን በጥፋት ሳይሆን በአገልግሎት ቢቈጠርለት፥ ኅሊናውን ለማዳን እንጀራውን መሠዋት ባላስፈለገው ነበር። ከአለቆቹም የሚፈለግ አለ፤ ጀማሪው ተሳስቶ ቢያስቆም እንኳ «ደግ አደረግህ፥ ነገም ካየህ ተናገር» የሚል አለቃ፥ ከብዙ ሕግ ይልቅ ብዙ ጎጆ ያድናል። ሆኖም ሥርዓቱ እስኪስተካከል ድረስ ወፏ አትጠብቅም፤ ሰንሰለቱም ወርዷል።

እንግዲህ ወጣቱ እጁን አነሣ እንበል። ክሬኑ ይቆማል፤ ነጂው ያጉረመርማል፤ ፎርማኑ ሰዓቱን ያያል። ነባሩ ዐዋቂ መጥቶ መነጽሩን ያነሣል፤ ሁሉም ይጠብቃሉ። በክምሩ ውስጥ ጎጆ ቢገኝ፥ ምልክት ይተከልና ብረቱ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ጥቂት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያም ባዶውን ይነሣል፤ ከአንድ መስመር ጽሑፍ በቀር ማስታወሻ አይኖረውም። ጎጆ ባይገኝ ደግሞ ሥራው ይቀጥላል፤ ወጣቱም ጥቂት ያፍራል፤ ምናልባትም በሚመጣው ሳምንት አይጠራም። በሁለቱም የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ያየውን አየሁ፥ ያላወቀውን አላወቅሁም ብሏል። የወፏ መትረፍና የእርሱ መጠራት በእጁ አይደሉም፤ ቃሉ ግን በእጁ ነበረ። ማታ ቤቱ ገብቶ የሚቈርሰው እንጀራም፥ ማማው ላይ እንደ ዋለው ልጅ፥ ከጠበቀው ነገር የተጋገረ ይሆናል።